ወታደር ከባሕር ማዶ ለተማሪ የሚጽፈው ደብዳቤ

ደብዳቤ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች ሐሳባቸውን በጽሑፍ የሚለዋወጡበት መንገድ መሆኑን በቀደሙት ክፍሎች ተምራችኋል። የሥራ ደብዳቤና የግል ደብዳቤ በምን እንደሚለያዩ፣ አድራሻ፣ ቀን፣ ሰላምታ፣ ሐተታና ስንብት በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፉም ታውቃላችሁ። አሁን የምንመለከተው ከግል ደብዳቤ ወገን የሆነ፣ ነገር ግን የራሱ ጠባይ ያለው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ ይኸውም ከአገሩ ርቆ የዘመተ ወታደር በትምህርት ላይ ላለ ልጅ የዕለት ኑሮውን የሚገልጽበት ደብዳቤ ነው። ቅርጹ ከሌላው የግል ደብዳቤ አይለይም። ችግሩ ያለው በይዘቱ ላይ ነው። ጸሓፊው ብዙ ነገር ያያል፤ ካየው ውስጥ ግን ሊጽፈው የሚችለው ጥቂቱን ነው። አንባቢው ደግሞ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የዘመተው ሰው በሕይወት መኖሩን።

ለምሳሌ እንዲሆነን የቃኘውን ጦር እንውሰድ። የኮርያ ጦርነት የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያቀረበውን ጥሪ ተቀብላ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ አንድ ሻለቃ ጦር አዘጋጀች። የተሰጠው ስም «ቃኘው» የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተሳፍሮ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ከተጓዘ በኋላ ፑሳን ከተባለው የኮርያ ወደብ ደረሰ። አንዱ ሻለቃ አንድ ዓመት ያህል እየቆየ በሌላ ይተካ ነበር። የተኩስ ማቆም ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ሻለቆች ተፈራርቀዋል፤ ከ3,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንም ተሰልፈዋል። ከእነርሱ ውስጥ ከ120 የሚበልጡት ሞተዋል፤ ከ530 የሚበልጡት ቆስለዋል። የተማረከ አልነበረም።

እነዚህ ቁጥሮች ከጦርነቱ በኋላ ተሰብስበው የተጻፉ ናቸው። ጦርነቱ በሚካሄድበት ጊዜ በየቤቱ ይጠበቅ የነበረው ቁጥር ሳይሆን ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ሲመጣስ ማን ያነበዋል? በዚያ ዘመን በአብዛኛው የአገራችን ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው አይገኝም ነበር። ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወደ ቄስ ወይም ወደ ጸሓፊ ይዞ ሄዶ ማስነበብ ነበረበት። በቤቱ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ ግን ይህ ሥራ የልጁ ነው። አያት ምድጃ አጠገብ፣ እናት በር ላይ፣ ጎረቤት መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው የ12 ዓመት ልጅ ቆሞ ያነባል። ስለዚህ ወታደሩ ለእኅቱ ልጅ ሲጽፍ ለቤተ ሰቡ ሁሉ መጻፉ ነበር። በፖስታው ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው ቢሆንም ሰሚው ብዙ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወታደር የማይጽፋቸው ነገሮች አሉ። የሰፈረበትን ቦታ ስም፣ የጦሩን ብዛት፣ ነገ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ አይጽፍም፤ ደብዳቤው በጠላት እጅ ቢወድቅ ጓደኞቹን ያስፈጃልና። ከዚህ ሌላ ማንም ሳይከለክለው በራሱ ፈቃድ የሚተወው ነገር አለ። ያየውን ሞት ለልጅ አይጽፍም፤ የደረሰበትን ፍርሃት ለእናቱ አይገልጽም። እነዚህ ሁሉ ከተቀነሱ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው? አንዳንድ ጊዜ የሚቀረው «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ማለትም ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. ድረስ፣ የእንግሊዝ ጦር ለወታደሮቹ አስቀድሞ የታተመ የፖስታ ካርድ ያድል ነበር። በካርዱ ላይ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል። አንዱ ደህና መሆንን፣ ሌላው ሆስፒታል መግባትን፣ ሌላው ደብዳቤ መድረሱን፣ ሌላውም ደብዳቤ ሳይመጣ መቆየቱን ይናገራል። የወታደሩ ሥራ የማይመለከተውን ዐረፍተ ነገር መሰረዝና ቀንና ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል ቢጨምር ካርዱ እንደሚጠፋ በካርዱ ራስ ላይ ተገልጿል። ይህ ካርድ ለጦሩ አመቺ ነበር፤ ፈጣን ነው፤ ምሥጢርም አያወጣም። ለተቀባዩም ቢሆን ያጽናናል፤ ልጁ በሕይወት እንዳለ የሰማች እናት ሌላ ምን ትሻለች? ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች አንድ ዓይነት ቃል ይልኩበታልና የላኪውን ሰው ድምፅ ከእርሱ ውስጥ ማግኘት አይቻልም።

በሕትመት ካርድና ምሥጢር በሚያወጣ ደብዳቤ መካከል አንድ ሰፊ ቦታ አለ። ያ ቦታ የዕለት ኑሮ ነው። ምን ይበላል? ምን ላይ ይተኛል? ብርዱ እንዴት ነው? የአገሩ ሰው ምን ይለብሳል? ከዚህ ውስጥ ጠላትን የሚጠቅም ነገር የለም፤ ሞትን መጥቀስም አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ጸሓፊው ራሱ ከነዓይኑና ከነልቡ በውስጡ ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደብዳቤ ለዚህ ትምህርት ሲባል የተዘጋጀ ነው። ጸሓፊው በሁለተኛው የቃኘው ሻለቃ ውስጥ እንዳለ፣ ተቀባይዋም በደብረ ብርሃን የምትማር ልጅ እንደሆነች አድርገን እንገምት። ስም አልሰጠናቸውም። ስለ ኮርያ አየር፣ ቤትና ምግብ የተነገረው ግን የአገሩ እውነተኛ ሁኔታ ነው።

ኮርያ፤
ኅዳር 18 ቀን 1945 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእኅቴ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንዴት ነሽ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እምዬን፣ እናትሽንና አባትሽን፣ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ እጅ ነሥቷል በይልኝ።

በመስከረም የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ምን እንደምንበላ፣ ምን ላይ እንደምንተኛ፣ ሰዉም ምን እንደሚመስል ጠይቀሽኛል። አሁን ለዕረፍት ከግንባር ወደ ኋላ ተመልሰናል፤ ስለዚህ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁ።

ሳይነጋ እንነሣለን። ውኃው በኮዳ ውስጥ ጠጥሮ ስለሚያድር በእሳት እናቀልጠዋለን፤ ፊታችንን የምንታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። ጠመንጃችንን እንወለውላለን። ምግባችን በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል፤ ሥጋውም ባቄላውም እንደዚያው ነው። ከፍተን እናሞቀዋለን። ሆድ ይሞላል፤ ነገር ግን በርበሬ የለውም። ሻይ የምናፈላው እኔና አንድ የመንዝ ልጅ ነበርን፤ ስኳሩን እየደበቀ ሲያስቀን ይውል ነበር። አሁን የማፈላው እኔ ነኝ።

የዚህ አገር በረዶ አንቺ የምታውቂው በረዶ አይደለም። የእኛው ሲወርድ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቡቃያ ያጠፋል፤ ወዲያውም ይቀልጣል። የዚህኛው ድምፅ የለውም። እናትሽ ጥጥ ስትነድፍ ከደጋኑ የሚበነውን ባዘቶ አስቢ፤ እንደዚያ እየተንሳፈፈ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያድራል። ጧት ስንነሣ ተራራውም፣ መንገዱም፣ ድንኳኑም ነጭ ነው። ሲረግጡት እንደ ጨው ይንኮሻኮሻል። ዛሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። እኔ በደብረ ብርሃን ውርጭ ያደግሁ ሰው ብርድ አልፈራም ብዬ ነበር። የእኛ ውርጭ ፀሐይ ሲያይ ይሄዳል፤ ይህ ግን ፀሐይ ወጥቶም እዚያው ነው።

የባላገሩ ቤት እንደ እኛው ጭቃና ሣር ነው። አሠራሩ ግን ያስገርማል። እሳቱን ከውጭ በኩል ያነዱታል፤ ጭሱና ሙቀቱ በወለሉ ሥር በተሠራ ቦይ አልፎ በሌላው ወገን ይወጣል። ወለሉ እንደ ምጣድ ይሞቃል። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ በወለሉ ላይ ይበላሉ፤ በወለሉም ላይ ይተኛሉ። ይህን ለእምዬ ንገሪልኝ፤ ወገቧን ለሚያማት ሰው እንዲህ ያለ ቤት ነበር የሚያስፈልገው።

በጥቅምት ወር በአንድ መንደር ስናልፍ የቤቱ ጣሪያ ሁሉ ቀልቶ አየሁና ደነገጥሁ። ስጠጋ በፀሐይ ያሰጡት በርበሬ ነው። አሁን ደግሞ ሴቶቹ ጥቅል ጎመን በጨውና በበርበሬ እያሹ በትልልቅ ጋን ይከታሉ፤ ክረምቱን የሚዘልቁት በእርሱ ነው። አንዲት አሮጊት አቀመሱኝ። ይኮመጥጣል፤ ያቃጥላልም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሴትዮዋም ሳቁብኝ።

ያንቺ እኩያ የሚሆን አንድ ልጅ በየቀኑ ወደ ሰፈራችን ይመጣል። በጀርባው የእንጨት መሸከሚያ አዝሎ ጭራሮ ይለቅማል። ቋንቋ ስለሌለን በጭራሮ በረዶው ላይ የአገሩን ፊደል ይጽፍልኛል፤ እኔም ሀ ሁን እጽፍለታለሁ። ትምህርት ቤት የለውም።

ይህን የምጽፍልሽ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እናንተ ዘንድ ገና እኩለ ቀን አልሆነም፤ ምናልባት አሁን ክፍል ውስጥ ትሆኛለሽ። በትምህርትሽ በርቺ። እምዬን ደህና ነው በያት።

አጎትሽ

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል። ከማብራራታችን በፊት ስለ ልጁ አንድ ነገር እንጨምር። በጦርነቱ ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ የኮርያ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። የቃኘው ወታደሮች በ1945 ዓ.ም. ገደማ ዶንግዱቾን በተባለች ከተማ «ቦህዋዎን» የሚባል የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው እንዲህ ያሉትን ልጆች ይረዱ ነበር። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ ያለው ልጅ ምሳሌ ይሁን እንጂ ብጤዎቹ በእውነት ነበሩ።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። ጸሓፊው «የዚህ አገር በረዶ አንቺ የምታውቂው በረዶ አይደለም» ሲል ለምን በአሉታ እንደ ጀመረ ተመልከቱ። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ውኃ ሲጠጥር የሚሆነውንም፣ እንደ ባዘቶ የሚበነውንም በረዶ እንለዋለን። በመጻሕፍት «አመዳይ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ነገር ግን አጎትየው አመዳይ ብሎ ቢጽፍ ልጅቱ ቃሉን ለአያቷ መተርጐም ይኖርባት ነበር፤ ለራሷም ላይገባት ይችላል። በረዶ ብሎ ብቻ ቢተወው ደግሞ ሁሉም የሚያውቁትን ጠጠር ያስባሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በአንባቢዋ ልብ ውስጥ የነበረውን ሥዕል አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ባዶ በሆነው ቦታ አዲሱን ሥዕል አኖረ። አዲሱንም ሥዕል ያመጣው ከኮርያ ሳይሆን ከልጅቱ ቤት ነው። ባዘቶውን፣ ደጋኑን፣ ጨውንና ምጣዱን እርሷም አያቷም በእጃቸው ያውቋቸዋል።

ይህ ለገለጻ ድርሰት ሁሉ የሚያገለግል ዘዴ ነው። ሩቁን ነገር ማስረዳት የሚቻለው በቅርቡ ነው። «የኮርያ በረዶ እጅግ የሚያስደንቅና ልዩ ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስለ በረዶው ምንም አልነገረንም፤ የነገረን ስለ ራሱ መደነቅ ነው። በድርሰት ደብተሮች ላይ እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር ይበዛል። «እጅግ»ን እና «ልዩ»ን ሰርዛችሁ በምትኩ ምን እንዳያችሁ ጻፉ።

ከዚህ የበለጠ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር በግሦቹ ላይ አለ። «እንነሣለን»፣ «እናቀልጠዋለን»፣ «እንወለውላለን» የሚሉት ግሦች በአንድ ቀን ብቻ የተፈጸመ ድርጊት አይናገሩም። ትናንትም ዛሬም የሚደጋገም ልማድን ያመለክታሉ። የዕለት ኑሮ የሚገለጸው በእንዲህ ዓይነቱ ግሥ ነው። «አየሁ»፣ «ደነገጥሁ»፣ «አቀመሱኝ» የሚሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ተፈጽመው ያለፉ ድርጊቶች ናቸው፤ ልማዱን ለጊዜው አቋርጠው አንድ ቀን ለይተው ያሳዩናል። «ደርሶኛል» እና «አግኝቻለሁ» የቅርብ ኀላፊ ጊዜን ያመለክታሉ፤ ድርጊቱ ቢያልፍም ውጤቱ አሁን አለ፤ ደብዳቤው በእጁ ነው፤ ጊዜውም በእጁ ነው።

ስለ ሻይ የተነገረውን ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያ ንባብ ሳታስተውሉት አልፋችሁት ይሆናል። ተመልሳችሁ አንብቡት። ከፊቱ ያሉት ግሦች በሙሉ ልማድን የሚናገሩ ናቸው። በዚያ ቦታ ግን በድንገት «ነበርን» እና «ይውል ነበር» የሚሉ ቃላት ገቡ። የቀደመው ልማድ ተቋርጧል ማለት ነው። ቀጥሎም «አሁን የማፈላው እኔ ነኝ» ይላል። የመንዙ ልጅ ወዴት ሄደ? ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ቆስሎ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ጸሓፊው አልተናገረም። ወዲያው ስለ በረዶ ማውራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያዙት ያልነውን ነጥብ እናንሣ። ይህን ደብዳቤ ልጅቱ ጮክ ብላ ለቤቱ ሁሉ ታነባለች። አያቲቱ ስኳር ስለሚደብቀው ልጅ ስትሰማ ትሥቅ ይሆናል። ልጅቱ ግን ግሥ ተምራለች። «ይውላል» እና «ይውል ነበር» አንድ እንዳልሆኑ ታውቃለች። በእኔ ግምት አጎትየው ያቺን ዐረፍተ ነገር የጻፋት ለእርሷ ብቻ ነው። ለእናቱ ሊነግራት ያልፈለገውን፣ ለማንም ሳይነግር ሊሸከመውም ያልቻለውን ነገር በአንድ «ነበር» ውስጥ አስቀምጦ ማንበብ ለምትችለው ላከላት። በመጨረሻም «እምዬን ደህና ነው በያት» ሲል ተመልከቱ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ከላይ በሰላምታው ላይ ጽፎታል፤ ታዲያ ለምን ይደግመዋል? የመጀመሪያው ዜና ነው። ሁለተኛው አደራ ነው፤ ያቺ ልጅ ከአንባቢነት አልፋ ለቤቱ መልእክተኛ እንድትሆን ይለምናታል።

በቀኑም ላይ ጥቂት እንቆይ። ብዙ ተማሪዎች በግል ደብዳቤ ላይ ቀን መጻፍን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥሩታል። ጸሓፊው «ዛሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል» ይላል። የእርሱ ዛሬ ኅዳር 18 ነው። ደብዳቤው ከኮርያ እስከ ደብረ ብርሃን ሳምንታት ቢጓዝ የልጅቱ ዛሬ ሌላ ነው። «ደህና ነኝ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በአሁን ጊዜ ይጻፍ እንጂ ለአንባቢው ያለፈ ነገር ነው። ወታደር የላከ ቤተ ሰብ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱ እንደ ተከፈተ ከሰላምታው በፊት ቀኑ ይነበባል፤ በጣትም ይቈጠራል። ቀን የሌለው «ደህና ነኝ» መቼ ደህና እንደነበረ ስለማይናገር የሰሚውን ሥጋት አያቃልልም።

ዛሬ ዛሬ ይህ ሁሉ ተለውጧል ትሉ ይሆናል። ከኮርያ በኋላ የኢትዮጵያ ወታደሮች በ1952 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ፣ በ1986 ዓ.ም. ወደ ሩዋንዳ፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ ቡሩንዲና ወደ ላይቤሪያ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ አብዬ ለሰላም ማስከበር ዘምተዋል። በቅርብ ዓመታት የዘመተ ወታደር ልጁን በስልክ ያነጋግራል፤ ፊቱንም በስልኩ መስተዋት ያሳየዋል። ድምፅ መስማት ትልቅ ነገር ነው፤ ደብዳቤ ሊሰጥ የማይችለውን እርግጠኝነት በአንድ «አቤት» ይሰጣል። ሆኖም በስልክ የሚነገረው በአመዛኙ የሕትመቱን ካርድ ይመስላል፤ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ፤ እናንተስ?» ተብሎ ያልቃል። መስመሩ ሲዘጋ እንደገና የሚነበብ ነገር አይቀርም። በስልክም ቢሆን «ዛሬ ጧት ምን በላህ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከአባቱ ዘንድ ሌላ ዓይነት ወሬ ያገኛል። መልእክቱንም በጽሑፍ የሚልክ ካለ ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

የቀረን መልሱ ነው። መልስ ስትጽፉ በቅድሚያ የአክብሮቱን ነገር ወስኑ። አጎትየው ለእኅቱ ልጅ «አንቺ» እያለ ይጽፋል፤ ይህ በአገራችን ልማድ ተገቢ ነው። እርሷ ግን እንደ ቤቷ ልማድ «እርስዎ» ልትለው ትችላለች፤ ቀረቤታው ከበዛ ጋሼ እያለች «አንተ» ልትለው ትችላለች። ሁለቱም ነውር የለበትም። ስሕተት የሚሆነው ሁለቱን መቀላቀል ነው። «እርስዎ እንዴት ነህ» ወይም «የላኩልኝ ደብዳቤህ ደርሶኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ባለቤቱና ግሡ አልተስማሙም። በአንድ ከጀመራችሁ እስከ ስንብቱ በእርሱ ጨርሱ።

ይዘቱን በተመለከተ የተማሪዎች መልስ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፤ «እኛ ሁላችን ደህና ነን። ስለ እኛ ምንም አያስቡ። አገር ሰላም ነው።» ይህም የሕትመቱ ካርድ ወንድም ነው። አገሩን የናፈቀ ሰው አገር ሰላም መሆኑን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በጥር ወር የደብረ ብርሃን ሜዳ ምን እንደሚመስል፣ ገብሱ መወቃቱን፣ የትኛው በሬ እንዳረጀ፣ ጣሪያው መከደኑን ማን ይነግረዋል? እርሱ የኮርያን ቤት በልጅቱ ምጣድ አስረድቷታል፤ እርሷ ደግሞ ምሳሌ ሳትፈልግ እርሱ የሚያውቀውን ቤት በስሙ ልትጠራለት ትችላለች። ሥራዋ ከእርሱ ሥራ ይቀላል።

ልጅቱ በጥር 1945 ዓ.ም. የጻፈችው መልስ አጀማመሩ እንዲህ ነው እንበል፤

«ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤ ኅዳር 18 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ የጥምቀት ማግስት ደረሰኝ። እምዬ ስለ ወለሉ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ አሁን ለመጣው እንግዳ ሁሉ እርሷው ራሷ ታወራዋለች። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ዳለቻው በሬ አርጅቷልና አባቴ ሊሸጠው አስቧል፤ እናቴ ግን እርስዎ ሳይመለሱ አይሸጥም አለች። እምዬን ደህና ነው ብያታለሁ። ስለ ሻዩ ግን አልነገርኋትም። አሁን ከማን ጋር ይጠጣሉ?»

ከዚህ በኋላ ስለ በርበሬው፣ በረዶው ላይ ፊደል ስለሚጽፈው ልጅና ስለ ትምህርቷ የምትጽፈው ይቀራታል። ቀሪውን ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ እናንተ ጻፉላት። የሚደጋገመውንና አንድ ጊዜ የሆነውን በግሦቻችሁ ለዩ፤ ከራሳችሁ ቤትና ሰፈር የምታውቁትን ነገር አስገቡ፤ ስንብቱንም በ«እርስዎ» ጨርሱ።